የዮሴፍ ስካሊገር ሕይወትና የረጅም ዘመን መለኪያ

መግቢያ

የአጭር ጊዜ መለኪያ ለሁሉም ቅርብ ነው። ቀን በፀሐይ መውጣትና መግባት፣ ወር በጨረቃ መወለድና መጉደል፣ ዓመት በበጋና በክረምት መፈራረቅ ይታወቃል። ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ ዓመታትን የሚያቅፍ ዘመን ግን እንዲህ ያለ በዓይን የሚታይ ድንበር የለውም። ስለዚህ ሕዝቦች ረጅሙን ዘመን ሲቈጥሩ ለእነርሱ ታላቅ ከሆነ አንድ ነገር ይነሣሉ፤ ግሪኮች ከኦሎምፒያ ውድድር፣ ሮማውያን ከከተማቸው ምሥረታ፣ ሙስሊሞች ከሂጅራ፣ ክርስቲያኖች ከዓለም ፍጥረት ወይም ከክርስቶስ ልደት ቈጥረዋል።

ችግሩ የሚታየው እነዚህ ቈጠራዎች ሲገናኙ ነው። ከፍጥረት የሚነሡት እንኳ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የእስክንድርያና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስሌት ፍጥረትን በ5493 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.)፣ የቁስጥንጥንያው በ5509 ቅ.ል.ክ.፣ የአይሁድ ደግሞ በ3761 ቅ.ል.ክ. ያደርጉታል። የባቢሎንን ንጉሥ ከግሪክ ጦርነት፣ የግሪክን ጦርነት ከዕብራዊ ነቢይ ጋር ማስተያየት የሚሻ ተመራማሪ አስቀድሞ የማንን መነሻ እንደሚቀበል መወሰን ነበረበት፤ ያንን ሲወስንም ከክርክሩ ግማሹን ሳይመረምር ይቀበል ነበር።

ለዚህ ችግር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘላቂ መፍትሔ ያቀረበው ፈረንሳዊው ሊቅ ዮሴፍ ዩስቱስ ስካሊገር ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአጭሩ እየተረከ አንድ ነጥብ ያስረዳል፤ የስካሊገር ዋና አስተዋጽኦ ለጥንታዊ ድርጊቶች አዳዲስ ዓመታት ማግኘቱ ሳይሆን መለኪያውን ከሚለካው ታሪክ መለየቱ ነው። ይህ መለያየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም በራሱ ሕይወት ሁለት ጊዜ ታይቷል፤ አንድ ጊዜ በግብፅ ነገሥታት፣ ሌላ ጊዜ በገዛ አባቱ ታሪክ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ስካሊገር ነሐሴ ወር 1540 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው በአዣን ከተማ ተወለደ። አባቱ ዩልዮስ ቄሳር ስካሊገር ከጣሊያን የመጣ ሐኪምና ፈላስፋ ሲሆን፣ በላቲን ድርሰቶቹና ከታላላቅ ሊቃውንት ጋር ባደረጋቸው የጽሑፍ ክርክሮች የታወቀ ነበር። ይህ አባት ለልጆቹ ከትምህርት ሌላ አንድ ታላቅ ውርስ እንዳላቸው ይነግራቸው ነበር፤ ይኸውም ቤተሰባቸው የቬሮና ከተማ ገዢዎች ከነበሩት ከዴላ ስካላ መሳፍንት እንደሚወለድ ነው። የአዣኑ ልጅ ያደገው ይህን የዘር ሐረግ እንደማይጠረጠር እውነት ይዞ ነው።

በ12 ዓመቱ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በቦርዶ ወደሚገኘው የጊየን ኮሌጅ ተላከ። በ1555 ወረርሽኝ ሲነሣ ወደ ቤት ተመለሰና የቀረውን ትምህርት ከአባቱ ተቀበለ። አባቱ በየቀኑ አጭር የላቲን ንግግር እንዲጽፍ ያዝዘው፣ የራሱንም የላቲን ቅኔ እየተናገረ ያስጽፈው ነበር። የወጣቱ የላቲን ብቃት የተገነባው በዚህ የዕለት ተዕለት ልምምድ ነው። ግሪክኛን ግን አባቱ አላስተማረውም።

አባቱ በ1558 ሲሞት ስካሊገር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያ በታዋቂው የግሪክኛ መምህር በአድሪያን ቱርኔብ ጉባኤ ቢቀመጥም ትምህርቱን ለመከታተል የሚያስችል መሠረት እንደሌለው ወዲያው ተረዳ። ስለዚህ ክፍሉን ዘግቶ የሆሜርን ድርሰቶች ከላቲን ትርጕም ጋር እያስተያየ ያነብ ጀመር፤ በሦስት ሳምንታት ውስጥ ፈጸማቸው፣ የሰዋስውም ሕግ ከንባቡ ራሱ እየለቀመ ሰበሰበ። ከዚያም ወደ ዕብራይስጥና ወደ ዐረብኛ ተሻገረ። አንድን ቋንቋ ወይም አንድን ሥርዓት ከጽሑፎቹ ተነሥቶ በራሱ መመርመር ከዚያ በኋላ የሥራው ጠባይ ሆኖ ቀረ።

ጦርነትና ጽሞና

በ1562 ስካሊገር የተሐድሶውን እምነት ተቀበለ። ያ ዓመት በፈረንሳይ የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ጦርነት የተጀመረበት ነው። በቀጣዩ ዓመት የላ ሮሽ ፖዜ ጌታ ከነበረው ከሉዊ ሻስቴኜ ጋር ተወዳጀ፤ በእርሱ አጋርነትም ወደ ጣሊያን፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ ተጓዘ። በ1570 ወደ ቫላንስ ሄዶ ከሮማ ሕግ ሊቁ ከዣክ ኩዣስ ዘንድ ተማረ። ኩዣስ የሕግ መጻሕፍትን የሚያነበው እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ዘመንና ለምን እንደተጻፈ እየጠየቀ ነበር። ስካሊገር በኋላ ለዘመን ስሌት የተጠቀመበት የመረጃ ምርመራ ስልት ከዚህ ጉባኤ ብዙ ቀስሟል።

ነሐሴ 24 ቀን 1572 በፓሪስ ፕሮቴስታንቶች ሲጨፈጨፉ ስካሊገር ወደ ጄኔቫ ሸሸ፤ በዚያም እስከ 1574 አስተማረ። የጉባኤ ትምህርት መስጠት ግን ስለማይወድ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ሃያ ዓመት ገደማ በሻስቴኜ ቤተሰብ ግቢዎች ኖረ። ወቅቱ የሰላም አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ዋና ዋና ሥራዎቹን ያዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው። በ1579 ያሳተመው የሮማዊው ባለቅኔ የማኒልዮስ የከዋክብት ድርሰት የጥንቱን ሥነ ፈለክ በሚገባ እንዲያጠና አስገደደው። የቋንቋ ሊቁ ከሥነ ፈለክ ጋር የተገናኘውም በዚህ በር ነው።

ስለ ዘመናት እርማት

በጥቅምት 1582 ሮማ ያወጀችው የጎርጎርዮስ አቈጣጠር ሥራ ላይ ዋለ፤ ይህን በተቀበሉት አገሮች ከጥቅምት 4 ቀጥሎ ጥቅምት 15 ሆነ። ስካሊገር ሥራውን ቀደም ብሎ ጀምሮት የነበረ ቢሆንም፣ ስለ ዘመናት እርማት የሚናገረው ታላቅ መጽሐፉ በፓሪስ የታተመው አውሮፓ ሁሉ ስለ ቀን መቍጠሪያ በምትከራከርበት በቀጣዩ ዓመት ነው። እርሱ ራሱ የጎርጎርዮስን ማሻሻያ አልደገፈም፤ የማሻሻያው ጠበቃ ከነበረው ከክሪስቶፈር ክላቪዩስ ጋርም ብርቱ ክርክር ገጥሟል።

መጽሐፉ ሁለት ነገሮችን አገናኘ። አንደኛው የሰማይ ምስክርነት ነው። በጥንት ጸሐፍት የተመዘገበ የፀሐይ ወይም የጨረቃ ግርዶሽ በስሌት ወደ ኋላ ተከታትሎ ሊረጋገጥ ስለሚችል፣ አንድ ንጉሥ በነገሠ በዚህኛው ዓመት ግርዶሽ ታየ የሚል ጽሑፍ ያንን ንግሥና ከሰማይ ጋር ያስረዋል። ፕቶሌማዮስ የመዘገባቸው የባቢሎን ግርዶሾች የናቦናሳር ዘመን የሚነሣበትን 747 ቅ.ል.ክ. የሚያጸኑት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው የምድር ምስክርነት ነው። ስካሊገር የአይሁድን፣ የግሪኮችን፣ የሮማውያንን፣ የፋርሶችን፣ የዐረቦችን፣ የግብፃውያንንና የሌሎችንም ሕዝቦች የቀን መቍጠሪያ እያንዳንዱን በራሱ ሕግ መረመረ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙ ጸሐፍት የመጽሐፍ ቅዱስንና የሮማን ታሪክ አስቀድመው ሌላውን ሁሉ ከዚያ ጋር ያስማሙ ነበር። እርሱ ግን የእያንዳንዱ ሕዝብ ስሌት መጀመሪያ በራሱ አነጋገር መደመጥ እንዳለበት አሳየ።

የኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ በስካሊገር መጽሐፍ

ስካሊገር ካቀረባቸው ሥርዓቶች አንዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ነው። ግእዝ በዚያን ጊዜ ለአውሮፓ ሊቃውንት እንግዳ ነበር። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮማ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው የግእዝ ኅትመት ነው፤ ፖትከን ግን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ በስሕተት ሰይሞት ነበር። በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር በሮማ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመሩ። ስካሊገር የግእዙን ስሌት ከላቲን ትርጕምና ከሐተታ ጋር ያቀረበው በዚህ ውሱን እውቀት ላይ ቆሞ ነው። የግእዝ ጥናት በአውሮፓ ጽኑ መሠረት ያገኘው ከእርሱ በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በሠራው ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ስሌት ለስካሊገር ዓላማ ተስማሚ የነበረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዐሥራ ሁለት ባለ 30 ቀን ወሮችና ጳጉሜን ያሉት ዓመት የጥንቱን የግብፅ ዓመት ቅርጽ ይዞ የቆየ ነው፤ የፈርዖኖች አቈጣጠር በሕይወት ካለ ሥርዓት ሊጠና ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ባሕረ ሐሳብ ዑደትን በዑደት እያባዛ ረጅም ዘመንን የመስፈር ጥበብ ነው። የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይና የ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ ሲባዙ 532 ዓመት ያለው ዐቢይ ቀመር ይገኛል፤ በዚህ ዑደት መጨረሻ ዕለታት፣ የጨረቃ ሌሊቶችና በዓላት ወደ መጀመሪያ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህ የ532 ዓመት ዑደት ከእስክንድርያ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም የተዳረሰ የጋራ ውርስ ነው።

ዑደቱ ግን አንድ ጉድለት አለው። አንድ ዓመት በዑደቱ ውስጥ ያለው ቦታ ብቻ ቢነገር፣ ከእርሱ 532 ዓመት በፊት ወይም በኋላ ካለው ዓመት ሊለይ አይችልም። በጥንታዊ የግእዝ ጽሑፎች ዓመተ ምሕረት የሚለው ስያሜ አንዳንድ ጊዜ በዑደቱ ውስጥ ያለውን ዓመት ስለሚያመለክት፣ የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ችግር በሚገባ ያውቁታል። የተመዘገበ ታሪክን ሁሉ ሳይደግም የሚሸፍን መስፈሪያ ከተፈለገ ዑደቱ መርዘም ነበረበት።

7980 ዓመት

ስካሊገር በ28ና በ19 ላይ ሦስተኛ ቍጥር ጨመረ። ይህም በሮማ መንግሥት ከግብር አሰባሰብ የተነሣውና በሕጋዊ ሰነዶች ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጻፍ የኖረው የ15 ዓመት ዑደት፣ ኢንዲክቲዮን፣ ነው። ሦስቱ ሲባዙ 7980 ይሆናሉ። ብዜቱ ራሱ በመካከለኛው ዘመን የስሌት ሊቃውንት ዘንድ ይታወቅ ነበር፤ የስካሊገር ሥራ ይህን ቍጥር ለታሪክ ሁሉ የጋራ መስፈሪያ ማድረጉ ነው። የዩልዮስ ዘመን ብሎ ሰየመው። ስያሜው ከአባቱ ስም የመጣ ነው የሚል አባባል በብዙ ቦታ ቢገኝም፣ ዘመኑ የዩልዮስ ቄሳርን ዓመት፣ ማለትም 365 ቀን ከሩብ ያለውን ዓመት፣ ስለሚጠቀም የተሰጠ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ7980 ዓመታት ውስጥ ሦስቱም የዑደት ቍጥሮቻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ዓመታት አይገኙም። ለምሳሌ የ1 ዓመተ ልደት ቍጥሮች በፀሐይ ዑደት 10፣ በጨረቃ ዑደት 2፣ በኢንዲክቲዮን 4 ናቸው። በ28 ሲካፈል 10፣ በ19 ሲካፈል 2፣ በ15 ሲካፈል 4 የሚተርፈው ከ7980 ያላለፈ ብቸኛ ቍጥር 4714 ነው። ስለዚህ 1 ዓመተ ልደት የዩልዮስ ዘመን 4714ኛ ዓመት ሲሆን፣ ሦስቱም ዑደቶች በአንድነት የሚጀምሩበት የመጀመሪያው ዓመት 4713 ቅ.ል.ክ. ይሆናል።

በዚህ መስፈሪያ ላይ የተለያዩ ሕዝቦች መነሻዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። የመጀመሪያው ኦሎምፒያድ (776 ቅ.ል.ክ.) 3938ኛው፣ በተለመደው ቈጠራ የሮማ ምሥረታ (753 ቅ.ል.ክ.) 3961ኛው፣ የናቦናሳር ዘመን መነሻ 3967ኛው፣ ዓመተ ሰማዕታት የሚነሣበት የዲዮቅልጥያኖስ ንግሥና (284) 4997ኛው፣ ሂጅራ (622) 5335ኛው ዓመት ናቸው። ከመጀመሪያው ኦሎምፒያድ እስከ ሂጅራ ስንት ዓመት እንዳለ ለማወቅ አንዱን ከሌላው መቀነስ ይበቃል፤ ልዩነቱ 1397 ነው። ተመራማሪው የግሪክን፣ የክርስቲያንን ወይም የእስላምን መነሻ ማስቀደም አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የመነሻው ባሕርይ ነው። በ4713 ቅ.ል.ክ. የተፈጸመ የሚታወቅ ነገር የለም። ስካሊገር በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተመሥርቶ ፍጥረትን በ3950 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያደርግ ስለነበር፣ በእርሱ እምነት የመስፈሪያው የመጀመሪያ ዓመት ዓለም ከመፈጠሩ ከ760 ዓመታት በላይ ይቀድማል። መነሻው ከሒሳብ እንጂ ከድርጊት የተወሰደ አይደለም። ጠንካራ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ማንም የማይከራከርበት ማንም ስለማይኖርበት ነው።

ላይደን

በ1593 ስካሊገር ዩስቱስ ሊፕሲዩስ ትቶት የሄደውን ቦታ ተቀብሎ በሆላንድ ወደሚገኘው የላይደን ዩኒቨርሲቲ መጣ። በ1575 የተመሠረተው ይህ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ስሙን ለማስጠራት ብሎ ከጉባኤ ትምህርት ነጻ አድርጎ ተቀበለው። በቤቱ ግን የተመረጡ ወጣቶችን ይመራ ነበር፤ በኋላ በዓለም አቀፍ ሕግ ጥናት የታወቀው ሁጎ ግሮቲዩስና የግሪክኛው ሊቅ ዳንኤል ሄንሲዩስ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

የላይደን ዘመኑ ከስሕተት ነጻ አልነበረም። በ1594 ባሳተመው የሒሳብ ሥራ የክብን ስፋት ችግር ፈታሁ አለ። የክብ ዙሪያ ሲካሬ የዲያሜትሩ ስኩዌር ዐሥር እጥፍ ነው ማለቱ፣ የዙሪያውንና የዲያሜትሩን ንጽጽር 3.162 ገደማ ያደርገዋል። አርኪሜዲስ ግን ይህ ንጽጽር ከ3 1/7 እንደማይበልጥ ከ1,800 ዓመታት በፊት አረጋግጦ ነበር። ፍራንሷ ቪዬትና ሌሎች የሒሳብ ሊቃውንት ስሕተቱን በማያሻማ ሁኔታ አሳዩ። በቋንቋና በታሪክ ያለው ሥልጣን በሒሳብ ማስረጃ ምትክ ሊቆም አልቻለም።

ከፍጥረት በፊት የዋሉ ዓመታት

ስካሊገር በመጨረሻ ዘመኑ የደከመበት ሥራ የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈውን የዘመናት ታሪክ ከተበታተኑ ቍርጥራጮች መልሶ ማቋቋም ነበር። መጽሐፉ በምዕራብ የሚታወቀው በሄሮኒሞስ የላቲን ትርጕም ሲሆን፣ ይህም ሁለተኛውን ክፍል ብቻ የያዘ ነው። ስካሊገር የጠፋ የመጀመሪያ ክፍል እንደነበረ አመነ። በወዳጁ በኢሳቅ ካዞቦን ረዳትነት ከፓሪስ የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት የባይዛንታይኑን ጸሐፊ የጊዮርጊስ ሲንኬሎስን የግሪክኛ ታሪክ አገኘ፤ ከእርሱም የአውሳብዮስን ቃላት እየለየ አወጣ። ውጤቱ በ1606 መዝገበ ዘመናት በሚል ትርጕም ሊጠራ በሚችል ርእስ በላይደን ታተመ። በ1818 የአውሳብዮስ መጽሐፍ የአርመንኛ ትርጕም ሲታተም የመጀመሪያው ክፍል በእርግጥ እንደነበረ ተረጋገጠ።

በሲንኬሎስ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተቀምጦ ነበር። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የኖረው ግብፃዊው ካህን ማኔቶን የጻፈው የግብፅ ሥርወ መንግሥታት ዝርዝር በዚያ ይገኛል። ስካሊገር የነገሥታቱን ዓመታት ተራ በተራ ደምሮ የመጀመሪያውን ሥርወ መንግሥት በ5285 ቅ.ል.ክ. አገኘው። ይህ ዓመት እርሱ ፍጥረት ሆነበት ከሚለው ጊዜ በ1,300 ዓመታት ይቀድማል፤ ከዩልዮስ ዘመን መነሻ እንኳ ያልፋል።

ከእርሱ በፊት የነበሩ ክርስቲያን ጸሐፍት የአረማውያንን ረጃጅም ዘመናት እንደ ከንቱ ትምክሕት ያጣጥሉ፣ ወይም አውሳብዮስ እንዳመለከተው ሥርወ መንግሥታቱ በተለያዩ አውራጃዎች በአንድ ጊዜ እንደነገሡ ይገምቱ ነበር። ስካሊገር ዝርዝሩን ሊያስቀር ይችል ነበር፤ አላስቀረም። በጥንታዊነቱ የሚታመን ምንጭ እንደሆነ ከወሰነ በኋላ ሙሉውን አሳተመው። ከፍጥረት በፊት ለሚውሉት ዓመታትም መስፈሪያውን በአንድ ተጨማሪ ዑደት ወደ ኋላ አራዘመና፣ በሐሳብ ብቻ ቀድሞ የተቀመጠ ዘመን ብሎ ለየው። እምነቱን አልተወም፤ ቍጥሩንም አልሰረዘም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ማብራሪያ ግን አልሰጠም።

ጥያቄው ለተተኪዎቹ ተላለፈ። በ1659 ኢሳቅ ፎስዩስ ከዕብራይስጡ ይልቅ የሰብዓ ሊቃናትን ቈጠራ በመቀበል የዓለምን ዕድሜ ማርዘም እንደሚገባ ተከራከረ። የኢትዮጵያ 5500 የመጣውም ከዚሁ የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቈጠራ ነው። በዚህ ስሌት የስካሊገር 5285 ቅ.ል.ክ. ከፍጥረት በኋላ 208 ዓመት ገደማ ላይ ይወድቃል፤ ከፍጥረት መቅደሙ ይቀርና ከጥፋት ውኃ መቅደሙ ይተካል። ቍጥሩ ራሱ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። አንዳንድ ሥርወ መንግሥታት በእርግጥ በአንድ ጊዜ ይገዙ ስለነበር ተራ በተራ መደመራቸው ዘመኑን አርዝሞታል፤ የአሁኑ ጥናት የመጀመሪያውን ሥርወ መንግሥት በ3100 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያደርገዋል። ነገር ግን ተከታዮቹ ሊመረምሩት የቻሉት ስካሊገር ስላልደበቀው ነው።

የአባት ታሪክ

በዚያው በ1594፣ የክቡ ሥራ በታተመበት ዓመት፣ ስካሊገር ስለ ቤተሰቡ ጥንታዊነትና ክብር የሚያወሳ የላቲን መልእክት አሳትሞ ነበር። በውስጡ አባቱ የነገረውን የዴላ ስካላ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ደገመ። በ1607 ተቃዋሚው ካስፓር ሾፕ ይህን ጽሑፍ መስመር በመስመር የሚመረምር ግዙፍ መጽሐፍ አወጣ። የሾፕ ዓላማ ሃይማኖታዊም ነበር፤ የፕሮቴስታንቶችን ታላቅ ሊቅ ማዋረድ ይሻ ነበር። የተጠቀመበት መሣሪያ ግን የስካሊገር የራሱ ነው፤ ሰነድን ከሰነድ ማስተያየት፣ ዓመታት እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን መመርመር፣ ምስክር የሌለውን ቃል አለመቀበል። ስካሊገር የቪቴርቦው አንዮስ በ1498 ያሳተማቸውን የሐሰት ጥንታዊ ድርሰቶች ካጋለጡት መካከል ነበር፤ አሁን ተመሳሳይ ምርመራ በቤቱ በር ቆመ።

በ1608 መልስ ጻፈ። በመልሱ የተቃዋሚውን ብዙ ስሕተቶች ቢያሳይም ዋናውን ጥያቄ ሊመልስ አልቻለም፤ አባቱ ከቬሮና ገዢዎች መወለዱን የሚያረጋግጥ ሰነድ አላቀረበም። በኋላ የተደረገው ጥናት አባትየው የፓዶቫው የመጻሕፍት ሠዓሊና የካርታ አዘጋጅ የቤኔዴቶ ቦርዶን ልጅ እንደሆነ አስረድቷል። ስካሊገር በታሪኩ ያምን ስለነበር ውሸታም ሊባል አይገባም። የአይሁድን፣ የግብፅንና የሮማን መነሻ ከመስፈሪያው ለማውጣት የቻለው ሰው የአባቱን ቃል ግን እንደ መረጃ ሳይሆን እንደ መነሻ ይዞት ኖረ። ከመልሱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 1609፣ በላይደን ዐረፈ። የዕብራይስጥ፣ የሱርስት፣ የዐረብኛና የኢትዮጵያ መጻሕፍቱን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አውርሷል።

ከሞቱ በኋላ

የስካሊገር ዓመታት ብዙዎቹ ተሻሽለዋል። በ1627 ኢየሱሳዊው ዴኒ ፔቶ መጽሐፉን በብርቱ ነቅፎ ከልደት ወደ ኋላ የመቍጠርን ልማድ አስፋፋ። መስፈሪያው ግን ኖረ። በ1650 ፍጥረትን በ4004 ቅ.ል.ክ. ያደረገው የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር፣ ከራሱ ዓመታት ጎን የዩልዮስ ዘመንን ዓመት ይጽፍ ነበር፤ በዚያ ቈጠራ ፍጥረት በ710ኛው ዓመት ላይ ይውላል።

በ1849 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆን ኸርሸል ዘመኑ በዓመት ብቻ ሳይሆን በቀን እንዲቈጠር አደረገ። ዛሬ የሥነ ፈለክ ተቋማት የሚጠቀሙበት የዩልዮስ ቀን ቍጥር ከጥር 1 ቀን 4713 ቅ.ል.ክ. ቀትር ይነሣል። ጥቅሙ በኢትዮጵያ አቈጣጠርም ይታያል። መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ቀን ቍጥሩ 1724221 ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ 2454356 ነው። ልዩነቱ 730135 ቀን ነው፤ ይህም 1999 ዓመታት በ365 ተባዝተው ስድስተኛ ጳጉሜን ያላቸው 500 ዓመታት ሲጨመሩ ከሚገኘው ጋር ይስማማል። ሁለት አቈጣጠሮችን ለማስታረቅ በመካከል ያለ ሦስተኛ ቍጥር በቂ ነው።

ማጠቃለያ

የስካሊገር ሕይወት ለዘመን ጥናት ሁለት ትምህርቶችን ይተዋል። የመጀመሪያው የስልት ነው። ሦስት ዑደቶችን አስተያይቶ አንድ ዓመት መለየት በግእዝ የብራና ጽሑፎችም ላይ የሚሠራ ጥበብ ነው። የአንድ መጽሐፍ ማብቂያ የዘመኑን ወንጌላዊ፣ ዓመቱ የባተበትን ዕለትና አበቅቴውን ከጠቀሰ፣ አራቱ ወንጌላውያንና ሰባቱ ዕለታት የ28 ዓመቱን ዑደት፣ አበቅቴውም የ19 ዓመቱን ስለሚወስኑ፣ በ532 ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ብቻ ይስማማዋል። ከብዙ 532 ዓመታት የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የንጉሡ ወይም የጳጳሱ ስም ነው። ሦስቱ ምልክቶች እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ደግሞ ገልባጩ ወይም ጸሐፊው ተሳስቷል፤ ስሕተቱም ራሱ መረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው የመነሻ ጉዳይ ነው። ማንኛውም የዘመን ትረካ ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት፤ የሚጀምርበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ተራኪው ሊመረምረው የማይሻው ነው። ስካሊገር ለዓለም ታሪክ ከማንም ወገን ያልሆነ መነሻ አበጀ፤ ያልጠበቀው ቍጥር ሲመጣበትም ለአንባቢ አሳየው። ለቤቱ ታሪክ ግን እንዲህ ያለ መነሻ አላበጀም፤ ያንን ሥራ ሌሎች ሠሩለት።